የኦንላይን ሥራ ለተጋላጭ ወገኖች፦ ክፍት ገበያ ይሻላል ወይስ የተደራጀ ቡድን?

ስደተኞችን፣ አካል ጉዳተኞችን ወይም ሥራ ያጡ ወጣቶችን በኦንላይን ሥራ ለማገዝ ፕሮግራም የሚነድፍ ሰው ሁለት መንገድ ይገጥመዋል። አንዱ ሠልጣኙን አስተምሮ፣ ደንበኛና ሠራተኛ በኢንተርኔት ወደሚገናኙበት እንደ አፕወርክ ያለ ክፍት ገበያ መላክ ነው። ሌላው ድርጅቱ ራሱ ደንበኛ ፈልጎ ሥራውን ለቡድኑ ማከፋፈል ነው።

የመጀመሪያው ወጪው ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው ያሠለጥናል። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ጣጣ ሁሉ ለሠልጣኙ ይተውለታል። አዲስ የገባ ሰው የደንበኞች አስተያየት የለውም፤ አስተያየት ከሌለው ደግሞ ማን ያሠራዋል? አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት «ኮኔክት» የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስፈልጋል። እሱ ሲያልቅ በገንዘብ ይገዛል። ገና ሳንቲም ያላገኘ ሰው ከኪሱ ያወጣል ማለት ነው። ለስደተኛ ደግሞ ተቀባይነት ያለው መታወቂያና የባንክ ሂሳብ ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ፈተና ነው።

ሁለተኛው ይህን ሸክም ያቀላል። በ2001 እ.ኤ.አ. በካምቦዲያ የተጀመረው ዲጂታል ዲቫይድ ዳታ የተባለ ድርጅት ወጣቶችን መረጃ ወደ ኮምፒውተር በማስገባትና በመሳሰለው የዳታ ሥራ እያሠማራ ትምህርታቸውንም ይደግፋል። ሠራተኛው ሲቸገር የሚጠይቀው አለቃ አለው። ድክመቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ትልቁ ደንበኛ ከሄደ ሁሉም ባንዴ ሥራ ይፈታል።

ቋንቋና ሙያ ላለው ሰው ክፍት ገበያው ያዋጣል። ለጀማሪ ግን እኔ ቡድኑን እመርጣለሁ፤ ደንበኛው ስንት እንደከፈለና ለሠራተኛው ስንት እንደደረሰ በግልጽ እስከታየ ድረስ። ፕሮግራሙም የሚለካው በሠልጣኝ ብዛት ሳይሆን፣ ሥራ ፍለጋ ያለፈው ጊዜ ጭምር ተቆጥሮ በሰዓት እጅ ላይ በሚቀረው ገንዘብ ይሁን።