የካሎሪሜትሩ ካርቶን፦ ለአሉሚኒየም ይበቃል፣ ለእርሳስ ግን አይሆንም

ሐዋሳ ላይ ለትምህርት ቤቶች ከሚሸጡት የካሎሪሜትር (በፈላ ውኃ የሞቀ ብረታ ብረት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተከቶ የሚሰጠው ሙቀት የሚለካበት) ዕቃዎች አንዱን ፈትነነዋል። ካርቶኑ ውስጥ 50 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ኩባያ፣ የውጭ መያዣ፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ የሽቦ ማማሰያ፣ በ1 ዲግሪ የተከፋፈለ የአልኮል ቴርሞሜትር፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚሆኑ አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ብረትና እርሳስ አሉ። ሚዛን የለውም።

ኩባያው ስስ ስለሆነ ሙቀት ብዙም አይበላም። ቅሬታችን በመመሪያው ላይ ነው። በፈላ ውኃ የሞቀውን ብረታ ብረት መነሻ ሙቀት 100 ዲግሪ አድርጉ ይላል፤ ይህ ባሕር ዳርቻ ላለ አገር ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በ94 ዲግሪ የሞቀውን አሉሚኒየም 22 ዲግሪ ባለው 150 ግራም ውኃ ውስጥ ሲከቱት ቴርሞሜትሩ 30.5 አካባቢ ይቆማል። የኩባያውን ድርሻ ጨምረው ሲያሰሉት የአሉሚኒየሙ ስፔሲፊክ ሂት (አንድ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈልገው ሙቀት) በግራም በዲግሪ 0.90 ጁል ይወጣል፤ ትክክለኛው ይኸው ነው። 94ን ትተው 100 ከጻፉ 0.82 ይሆናል፤ ኩባያውንም ከረሱ 0.77። ተማሪው ግን ጥፋቱን የሚያላክከው በክዳኑ ላይ ነው!

እርሳስ ሌላ ጣጣ አለው። ስፔሲፊክ ሂቱ 0.128 ብቻ ስለሆነ ያንኑ 150 ግራም ውኃ ከ1.4 ዲግሪ በላይ አያሞቀውም። በዚህ ቴርሞሜትር ግማሽ ዲግሪ መሳት ቀላል ነው፤ ያ ደግሞ ውጤቱን ከሲሶ በላይ ያዛባል። ውኃውን ወደ 80 ግራም ቢቀንሱት ጭማሪው 2.3 ይደርሳል፤ ያም ሆኖ 0.1 ዲግሪ የሚያነብ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለብቻ መግዛት የግድ ነው።

ማንጠልጠያ ተብሎ የተሰጠው የጥጥ ክር ይጣል። የፈላ ውኃ ጠጥቶ ይገባል፤ ከእርሳሱ ጋር 1 ግራም የፈላ ውኃ ከገባ ውጤቱ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ በአሉሚኒየም ግን 5 በመቶ ያህል ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱበት ናይለን ክር ይሻላል፣ ውኃ አይዝም። ብረታ ብረቱ የድስቱን ሥር ሳይነካ አምስት ደቂቃ ተንጠልጥሎ ይፍላ፤ ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጎ አራግፎ ወዲያው መክተት ነው። በጨርቅ ልጥረግ ካሉ ይቀዘቅዛል።

ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ገጥመው ይዩት። የቴርሞሜትሩ ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ጥጥ ካልተወተፈበት እንፋሎቱ ያመልጣል።