በቅርጫት ኳስ ሁለት ኮከብ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች) ወይስ አንድ?

ሐዋሳ ላይ ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር ቁጭ ስንል ክርክሩ ይኸው ነው።

ሁለቱ ሲሰለፉ፦ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይመራል። የአሜሪካው ኤንቢኤ ሊግ ቡድን ሂዩስተን ሮኬትስ እ.ኤ.አ. በ2017-18 ክሪስ ፖልንና ጄምስ ሃርደንን ይዞ 65 ጨዋታ አሸነፈ። በምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ጎልደን ስቴትን በጨዋታ ድል 3 ለ 2 ቢመራም ፖል የጭን ጡንቻው ተጎዳ፤ ቀሪዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ። (እሱ ቢኖር ያልፉ ነበር ባይ ነኝ።) ጣጣው፣ ሁለቱም አጭር ከሆኑ መከላከሉ ይሳሳል፤ ኳስ ያልያዘው ቆሞ ካየ ደግሞ ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ በከንቱ ያልቃል።

አንዱ ሲመራ፦ ቀላል ነው፤ እሱ የተጎዳ ቀን ግን ጉድ ይፈላል።

አንደኛው ከሩቅ የሚያስቆጥር ከሆነ ሁለቱን አሰልፉ። ሁለቱም ኳስ ካልያዙ የማይሆንላቸው ከሆኑ ግን አንዱ ከተጠባባቂ ወንበር ይነሳ።