ደጃችን ድረስ ለመጣችው የጤና ሠራተኛ

ይህን የምጽፈው አንዲት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛን ለማመስገን ነው። ስሜን አትጥቀስ ስላለችኝ አልጠቅሰውም፤ ሥራዋን ግን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ከእኛ ሰፈር ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በጠዋት ወጥታ፣ ተሰልፋ፣ ተለክታ፣ መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ ይመሻል። እኔም ሥራ ቀርቼ አብሬያት እውላለሁ። ያን ሁሉ ደክማ ሐኪም ፊት የምትቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ግፊቷ አልወርድ ሲል "መድኃኒቱን የማይውጡ ከሆነ ለምን ይመጣሉ?" ተባለች፣ ያውም ሰው እየሰማ። የት እንደሆነና ማን እንዳላት መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ወዲያ ግን ቀጠሮዋን መዝለል ጀመረች። ስጠይቃት "ደህና ነኝ፣ ምንም አያመኝም" ትለኛለች። እውነቷን ነበር። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው ልብና ኩላሊት የሚጎዳው፣ ስትሮክም የሚያመጣው። እኔም አያመኝም ስትለኝ አምኜ ተውኩት። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ያቺ ልጅ በራችንን ያንኳኳችው በዚህ መሐል ነው። በየቤቱ እየገባች ትልልቅ ሰዎችን ግፊት ትለካ ነበር። እናቴ "እኔ ተለክቻለሁ፣ ይበቃኛል" ብላ ልትመልሳት ነበር። እሷ አልተቀየመችም፣ አልተጣደፈችምም። "እማማ፣ ግድ የለም፣ መጀመሪያ ትንሽ እንረፍ" ብላ አብራት ተቀመጠች።

አለካኳን ልንገራችሁ፣ ብዙ ቦታ የሚዘለል ነገር ስለሆነ። ወንበሩን ግድግዳ አስጠግታ ጀርባዋን አስደገፈቻት። አጣምራው የነበረውን እግሯን አስፈትታ መሬት አስረገጠቻት። 5 ደቂቃ ያህል ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ የእናቴን ክንድ ትራስ ላይ አሳርፋ ከልቧ ትይዩ አደረገችው፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ስትሞክረው ጠበበ፤ አውልቃ ከቦርሳዋ ሰፋ ያለ አወጣች። "ጠባብ ከሆነ ግፊቱን ከልክ በላይ አድርጎ ነው የሚያሳየው" አለችኝ። ለካች፣ ትንሽ ቆይታ ደግማ ለካች። 178 በ104። እናቴ እስከዚያ ቀን እንዲህ አርፋ ተለክታ አታውቅም። ከመንገድ እንደገባች፣ እያለከለከች፣ ለጥያቄ መልስ እየሰጠች ነበር የምትለካው።

ቀጥላ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ሁሉን ነገር ቀየረው። "መድኃኒትዎን ይወስዳሉ ወይ?" አላለችም። "ኪኒን የማያመልጠው ሰው የለም፤ እርስዎ በሳምንት ስንት ቀን ያመልጥዎታል?" አለቻት።

እናቴ መልስ ሳትሰጥ ተነሣች። ከሣጥኗ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ስትፈታው ለሁለት ለሁለት የተሰበሩ ኪኒኖች ናቸው። ቶሎ አልቆ ያንን መንገድ ደግማ እንዳትሄድ፣ እኔንም ከሥራ እንዳታስቀረኝ ብላ፣ ለወራት ግማሽ ግማሹን ነበር የምትውጠው። አብሬያት አንድ ቤት እየኖርኩ ይህን አላውቅም ነበር።

ልጅቷ አልተቆጣችም። "ሌላስ የሚወስዱት አለ?" ስትላት እናቴ ለጉልበቷ በየቀኑ የምትውጠውን ዳይክሎፌናክ አሳየቻት። ለካስ የዚህ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ የግፊቱንም መድኃኒት ያዳክማል! ስንት ዓመት ስንመላለስ ስለ ጉልበቷ የጠየቃት አልነበረም። እሷም የጉልበት ነገር ከግፊት ጋር ይገናኛል ብላ ስላላሰበች አልተናገረችም። ልጅቷ እዚያው ሆና ስልክ ደውላ እናቴን ለሚከታተላት ሐኪም ነገረች፤ ማስታገሻውም ተቀየረ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። በአንደኛው ኪኒን ማሸጊያ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ በስክሪብቶ ሣለችላት። አስረድታ ስትጨርስ ደግሞ "እማማ፣ እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ እንዳውቅ እስኪ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ" አለቻት። ልብ በሉ፣ ፈተናው ለእናቴ አልነበረም፤ ራሷን ነበር የምትፈትነው። እናቴ ጨረቃዋን ስታ ስትናገር ልጅቷ "እሱን ሳላብራራው አለፍኩት" ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችላት።

በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ለካቻት። ግፊቷ ሲረጋጋ የሦስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ እንዲሰጣት ሐኪሙን አስማማች። አሁን ያ አድካሚ መንገድ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት 132 በ80 ነበር። በወረቀት የሚጠቀለል ግማሽ ኪኒን የለም።

ከዚህ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት ነበረባቸው። ሁለት ሦስተኛው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ይኖሩ ነበር፤ 46 በመቶው ደግሞ እንዳለባቸውም አያውቁም ነበር። ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል የዌልስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው ነገር ደግሞ እናቴን የሚያውቃት አስመሰለብኝ፦ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ ይበልጥ ይታጣል ይላል። ሰውየው ጽፎ ብቻ አልቀረም። በሚሠራበት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ታመው የመጡትን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ነዋሪ ግፊት እየለካ ይከታተል ነበር።

ሌላው የገረመኝ በሎስ አንጀለስ የተደረገ ጥናት ነው። 52 የጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር ቤቶች ውስጥ ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ወንዶች ተመለመሉ። ለገሚሶቹ ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ እየሄደ መድኃኒት አዘዘላቸው፣ ተከታተላቸው። የቀሩትን ፀጉር አስተካካያቸው ሐኪም ዘንድ ሂዱ እያለ መከራቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት በ6 ወር ውስጥ የግፊታቸው የላይኛው ቁጥር በመጀመሪያዎቹ በአማካይ 27 ሲወርድ በሌሎቹ 9 ገደማ ብቻ ነበር የወረደው። ምክር ሁለቱም ጋ ነበር፤ ሰው ያለበት ቦታ ድረስ የሄደ ባለሙያ ግን አንደኛው ጋ ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ በዓይኔ የመጣችብኝ ቦርሳዋን አንግታ በራችን ላይ የቆመችው ልጅ ናት።

ስለዚህ ጥቆማዬ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ደጃችሁን ብታንኳኳ ተቀበሏት፣ ወንበር ስጧት፣ በቤታችሁ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አውጥታችሁ አሳዩአት፤ ለጉልበትም ይሁን ለራስ ምታት የምትወስዱት አይቅር። ካልመጣችባችሁም በአቅራቢያችሁ ያለውን ሕክምና ቤት "ቤት ለቤት ክትትል አላችሁ? የሦስት ወር መድኃኒትስ ባንድ ጊዜ ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሁለቱንም ጠይቀን አናውቅም ነበር። ወላጆቻችሁ መድኃኒት አልወስድ ካሏችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳስቸገራቸው ስሟቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በጀት ለሚመድቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እነዚህ ሠራተኞች ከሥራቸው ክብደት ጋር የሚመጣጠን ክፍያ ሊያገኙ ይገባል ብሏል። ብዙዎቹ ግን ዛሬም በበጎ ፈቃድ ወይም በጥቂት ማበረታቻ ነው የሚሠሩት። ይህቺ ልጅ በዝናብ ጭምር በእግሯ እየተመላለሰች የእናቴን ግፊት አውርዳለች። ይህ ደመወዝ ሊከፈልበት የሚገባ ሙያ ነው፣ ምርቃት ብቻ አይበቃውም።

እኅቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ "ጨረቃዋን አሁን አልስታትም በልልኝ" ብላለች። የጎረቤታችን ባለቤት መለካት እፈልጋለሁ ስላሉ ሐሙስ ስትመጪ በእሳቸውም ቤት እለፊ፤ እናቴ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግታ ትጠብቅሻለች።