ሂርማታ ላይ ብቅል የሚሸጡት እናት ምስጋና ይገባቸዋል

ጅማ ውስጥ ለሕፃን ገንፎ የሚሆን ብቅል የቸገራችሁ፣ ሂርማታ ገበያ እህል ተራ ሂዱና «ለልጅ የሚሆነውን ብቅል የሚሸጡት እናት የት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ብቅል ለልጅ ምን ያደርጋል ለምትሉ፦ ወፍራም ገንፎ ሕፃን ለመዋጥ ይቸገራል። በውሃ ቢቀጥን ደግሞ ያቺ ትንሽ ሆድ በውሃ ትሞላለች እንጂ ጉልበት አታገኝም። እህል ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣል፤ ይኸው ዓይነት ኢንዛይም በምራቃችንና በቆሽታችን ውስጥም አለ፣ ሥራው ገንፎን የሚያወፍረውን ስታርች መቆራረጥ ነው። የሕፃን ቆሽት በመጀመሪያዎቹ ወራት በበቂ አያመነጨውም። 50 ግራም ዱቄት የገባበትን ገንፎ 1 የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል።

ብቅል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን ብቅል አይደለም። ግማሹ ያልበቀለ ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ግማሹ ተቆልቶ ኢንዛይሙ የሞተ ነው፤ ያንን እፍኝ ሙሉ ብትጨምሩት ገንፎው ንቅንቅ አይልም። የክረምቱ ደግሞ ይብሳል። ሳይደርቅ ተከማችቶ ይሻግትና «ሲፈጭ ይጠፋል» ይሉናል! ሽታው ይጠፋ ይሆናል እንጂ የሻጋታ መርዝ በማፍላትም አይጠፋም። የሻጮቹን ስም አናነሳም።

እማማ ገብሱን አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ ውሃ እየረጩ ሦስት ቀን ያህል ያበቅሉታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ሲደርቅ በመዳፋቸው አሽተው ስሩንና ቡቃያውን ያበጥሩታል። ማሽላ ሲያበቅሉ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ የማሽላ ቡቃያ ሲያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለበትና ልክ ናቸው።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ አላቋርጥ ባለ ጊዜ አንዲት እናት ገንዘቧን ይዛ መጣች። እማማ አንዱን ፍሬ በጥርሳቸው ነከሱት፤ ቀጭ አላለም። «ውስጡ እርጥብ ነው ልጄ፣ ለልጅ አልሸጥልሽም፤ ሐሙስ ተመለሽ» አሏት። ከቀድሞው የተረፈቻቸውን ደረቅ እፍኝም በነፃ ሰጧት። ከገበያ ሰው ይህን መስማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብርቅ ነው።

አጠቃቀሙን አደራ። ገንፎውን ከወትሮው ወፈር አድርጋችሁ አብስሉና ከእሳት አውርዱ። እየፈላ ብቅል ከጨመራችሁ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሥራው ይንቀራፈፋል። 60 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ብቅሉን ጨምሩና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አማስሉ። ላላ ሲል መልሳችሁ እሳት ላይ ጥዳችሁ አፍሉት፤ የብቅል ዱቄት ጀርም ሊኖረው ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህቺን ነው።

ብቅል ገንፎ ያላላል እንጂ እንቁላልን፣ ጥራጥሬንና ዘይትን አይተካም። ልጁ 6 ወር ካልሞላው ደግሞ ጡት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሂዱ፣ ግዙ፣ ለጎረቤትም ንገሩ። ክረምት ሳይገባ ብትገዙ ይሻላል፤ በደረቅ ጣሳ ከድናችሁ አስቀምጡት። እማማ ጋ ስትደርሱ «ለልጅ ነው» ማለት እንዳትረሱ፤ የጠላው ብቅል በሌላ ጆንያ ነው ያለው።