ታንኳና ሞተር ጀልባ በጣና፦ ማን ለማን መንገድ ይልቀቅ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ የሚሻገር ጎብኚ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ገበያ የሚቀዝፈው ግን ብዙ ሰዓት ይደክማል። ጊዜ ለሚያሳስበው ጀልባው እንደሚሻል ግልጽ ነው። ሆኖም ባለሞተሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያስነሳው ማዕበል፣ ከውኃው እምብዛም ከፍ የማይለውን ታንኳ ያናውጠዋል፣ ጭነቱንም ያርሰዋል፤ ደንገሉም ውኃ በጠጣ ቁጥር ታንኳው እየከበደ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ ከኋላ ደርሶ የሚቀድም ከሚቀደመው መንገድ እንዲርቅ ያዛል፤ ይህ ሥርዓት በጣናም ሊከበር ይገባል። ቀዛፊው ሲመሽ መብራት ቢይዝ መልካም ነው፤ ዋናው ኃላፊነት ግን ፍጥነቱን መቀነስ በሚችለው በባለሞተሩ ላይ ይወድቃል።