ዋይፋይ ግድግዳው ለወፈረ የድሮ ቤት፦ ሪፒተር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል?

የቤተሰቤ ቤት ጉለሌ ነው። የፊቱ በጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። ከኋላ በጭቃ የተቀጠለ ክፍል አለ፣ ጓሮ ደግሞ ዙሪያውን ቆርቆሮ የሆነ ሰርቪስ። ራውተሩ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። እዚያ ዋይፋዩ ምንም ችግር የለበትም። ሰርቪስ የምትኖረው አክስቴ ግን ልጇ በኢሞ በደወለላት ቁጥር ግቢ መሀል መውጣት ነበረባት።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩን ቦታ ቀይሩት። ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥታችሁ ከፍ አድርጉት፣ በር የሚያይበት ቦታ ይሁን። ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ግን እንዳታጥፏት፤ ውስጧ መስታወት ነው፣ ትሰበራለች። ስልካችሁንም ከ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ወደ 2.4 ቀይራችሁ ሞክሩ። ፍጥነቱ ያንሳል፣ ግድግዳ ግን በተሻለ ያልፋል።

ይህ ካልበቃ ብዙ ሰው የሚሮጠው የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ ወደሚያሰራጨው ሪፒተር ነው። እኔም ሮጫለሁ። ርካሽ ነው፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ መገላገል ነው። አክስቴ ክፍል ሰካሁላት። የስልኳ ምልክት ጢም አለ።

«ሙሉ ነው እኮ የሚለው፤ ታዲያ ምነው አይከፍትም?» አለችኝ።

ምልክቱ የሚነግራት ስልኳ ከሪፒተሩ የሚያገኘውን ነው። ለሪፒተሩ ራሱ ከሳሎን የሚደርሰው ርዝራዥ ነው፤ ያንኑ መልሶ ያድላታል። መሰካት የነበረበት መሀል መንገድ ላይ ነበር። በዚያ ላይ ርካሾቹ በዚያው በአንድ ሞገድ ስለሚቀበሉም ስለሚልኩም ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። በብሎኬት ቤት አንድ ክፍል ለማዳረስ ምንም አይልም። ለድንጋይ ቤት ግን አልመክርም።

ሜሽ፣ ማለትም እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩ ሳጥኖች፣ በብዙ ይሻላል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይሸጣል። ከክፍል ክፍል ስትዘዋወሩ ስልካችሁን እየተቀባበሉ ይይዙታል። ችግሩ፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአየር ከሆነ ያው ድንጋይ ከፊታቸው ነው። የኬብል መሰኪያ ያለውን ምረጡ። ተከራይ ከሆናችሁና አከራዩ ግድግዳ አትበሱ ካለ፣ በበር በኩል እንዲተያዩ አድርጋችሁ ደርድሯቸው።

በመብራት ሽቦ ኢንተርኔት የሚያሳልፍ ፓወርላይን የሚባልም አለ። በድሮ ቤት ሽቦ ላይ ዕጣ እንደ መጣል ነው። ሰርቪሱ የራሱ ቆጣሪ ካለው ባትሞክሩት ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ኬብል ነው። አንድ ቀዳዳ በስታችሁ ከራውተሩ የሚወጣውን ኬብል ካሳለፋችሁ የግድግዳው ውፍረት ነገር አበቃ። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ የትኛው ግቢ ነው ከዚያ የሚረዝመው? ስትገዙ ግን የውስጡን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። ውጭ የሚያልፈውን ደግሞ ቱቦ ውስጥ አስገቡት፤ ፀሐይ ልባሱን ትሰነጣጥቀዋለች።

በወዲያኛው ጫፍ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ሳጥን፣ ይሰካል። እኔ እሱንም አልገዛሁም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ አሮጌ ራውተር ነበረን። ዲኤችሲፒ የሚለውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) አጠፋሁ፣ የራሱን የአይፒ አድራሻ ከዋናው የተለየ አደረግሁ፣ ኬብሉን ላን ከሚለው ቀዳዳ በአንዱ ሰካሁ። ስምና የይለፍ ቃሉን እንደ ሳሎኑ አደረግሁት። ወጪዬ ኬብል፣ ቱቦና የግማሽ ቀን ድካም ብቻ ሆነ።

አክስቴ አሁን አልጋዋ ላይ ሆና ነው የምታወራው። ትንሽ ቆይታ «መብራት ሲጠፋስ?» አለች። ለዚህ በባትሪ የሚያቆዩ ትንንሾቹ የራውተር ዩፒኤሶች አሉ። ስትገዙ የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት እዩ፤ 9 የሚሉም 12 የሚሉም አሉ። ለእኛ ሁለት ይበቃናል፣ አንድ ለሳሎን፣ አንድ ለሰርቪስ። ባለ ሦስቱን ሜሽ ከገዛችሁ ግን ከፋይበሩ ሳጥን ሌላ ሦስቱም መብራት ይፈልጋሉ።