«ለመልክ ነው ለመንዳት?» ብሎ ለጠየቀኝ መካኒክ ምስጋና

ሰላም ጓዶች። ስለ መካኒክ ሁሌ የሚጻፈው እሮሮ ስለሆነ እስቲ ዛሬ ደግሞ ላመስግን። መኪና ዝቅ ማስደረግ የምትወዱ፣ ማለቴ ሞላ (ስፕሪንግ) ለማስቆረጥም ሆነ አጭር ሞላ ለማስገባት ወይም ኮይሎቨር (ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ሆኖ ቁመቱ የሚስተካከል) ለመግዛት የምታስቡ፣ ረዘም ይላል ግን አንብቡት። የሰውዬውን ስም በአደባባይ አልጽፍም፣ እሱ ራሱ አልወደደም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና አድራሻውን እልክለታለሁ።

መኪናዋ ከቀድሞ ባለቤቷ እጅ ስትመጣ ዝቅ ብላ ነው የመጣችው። ታምራለች፣ ምን ልበላችሁ፣ ዝቅ ያለች መኪና ቆማም የምትሮጥ ነው የምትመስለው። ስትነዳ ግን ሌላ ናት። ትንሽ ጉብታ ላይ ጓ ትላለች፣ ኩርባ ላይ መጀመሪያ ጥሩ ይዛ ትገባና መሀል ላይ ስትደርስ በድንገት ፊቷ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ሸካራ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው እኔን ሳይጠይቅ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይላል፣ የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ከውጭ ሲያዩዋቸው አዲስ ናቸው ከውስጥ በኩል ግን ተልጠው ሽቦ ሊያሳዩ ምንም አልቀራቸው። ከዚህ መካኒክ በፊት ያሳየሁት ጋራዥ «ዝቅ ያለ መኪና እንደዚህ ነው፣ ትለምደዋለህ» ብሎ አላይመንት ብቻ፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ማለት ነው፣ ሰርቶ ሸኝቶኛል።

ይሄኛው ልጅ ገና ክሪክ እንኳን ሳያስገባ ሜትር አወጣ። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም ለካና ወረቀት ላይ ጻፈ። ሁሉም ሰው ከመሬት ነው የሚለካው ስለው «ከመሬት ከለካህ የጎማ ንፋስ ያታልልሃል፣ የጎማ ቁመት ያታልልሃል፣ ከቸርኬ መሀል ስትለካ ግን ሞላው ምን ላይ እንዳለ ነው የምታየው» አለኝ። ሲለካ የፊት ግራና የፊት ቀኝ ልዩነት አላቸው፣ በአይን የማይታይ ነገር ነው ግን አለ፣ ምክንያቱ በኋላ ሲፈታ ታየ። ከዛ ቀና ብሎ «አንተ ዝቅ የፈለግካት ለመልክ ነው ለመንዳት?» አለኝ። ለሁለቱም አልኩት። ሳቀና «ሁለቱም ይሆናል፣ ግን ቁመታቸው አንድ አይደለም፣ አንዱን ካሁኑ ምረጥ» አለ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ይሄ ሰው ወሬ ይወዳል ብዬ ነበር። ግን እያንዳንዱን የሚናገረውን ነገር እያሳየኝ ነው። የፊት ጎማው ላይ መዳፉን በአንድ አቅጣጫ ሲያስኬደው ምንም የለም፣ ሲመልሰው ግን ይቧጥጣል፣ የኔንም እጅ ይዞ አስነካኝ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው የሚለው። ይሄ የቶ ችግር ነው አለኝ፣ ማለት ጎማዎቹ ፊት ለፊት አያዩም፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እነሱ ትንሽ ጠመም ብለው እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት። ዝቅ ያለ መኪና ጎማ የሚበላው በካምበር፣ ማለት በጎማው ወደ ውስጥ መዘንበል፣ ነው እየተባለ ስንሰማ የኖርነው ግማሽ እውነት ነው አለ፣ ካምበር ውስጡን በቀስታ ይበላል፣ ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው ቶ ነው።

ከዛ የፊቱን ፈታው። ሞላው በግራይንደር ተቆርጧል፣ የአንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ በልጦ፣ የቁመቱ ልዩነት ከዚህ ነው የመጣው። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ አይገጥምም፣ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ሞላው ላልቶ በእጅ ይዞራል። ጉብታ ላይ ጎማ ወደ ታች ሲወርድ ሞላው ቦታውን ለቆ በሌላ በኩል ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ስሰማ ስንት መንገድ በሱ እንደሄድኩ አስቤ ላብ አላበኝ። ሞላውን በእሳት አሙቀው ዝቅ የሚያደርጉም አሉ፣ እሱ የባሰ ነው፣ ብረቱ የተጠበሰበትን ጥንካሬ ያጣና ወይ እያደር ይተኛል ወይ ይሰበራል።

ባምፕ ስቶፑ ደግሞ፣ ያ አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው እስፖንጅ መሳይ ጎማ፣ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። እሱን መዳፉ ላይ አድርጎ «መኪናህ ስትነዳ የነበረው በሞላ ሳይሆን በዚህ ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉብታ ሲመጣ ጎማው መኪናው ከቆመበት ወደ ላይ ሊሄድበት የሚችለው ቦታ፣ መተንፈሻው፣ 8 ሴንቲ ነው እንበል፣ 5 ሴንቲ ዝቅ ካደረግካት የቀረህ 3 ነው። በዛ 3 ሴንቲ ውስጥ ያንኑ ጉብታ ለመዋጥ ሞላው በጣም መጠንከር አለበት። ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል፣ እውነት ነው፣ 6 የሚሰራ ጥቅል ካለው ሞላ ላይ 1 ከቆረጥክ ጥንካሬው 20 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ግን ከጠፋው ቦታ አንጻር ይሄ አይበቃም። ስለዚህ ኩርባ ላይ መኪናው ሲያጋድል የውጨኛው ጎማ ባምፕ ስቶፕ ላይ ያርፋል፣ እዛች ቅጽበት ላይ ጥንካሬው በአንዴ ዘሎ ይወጣል፣ ጎማው ደግሞ ድንገት የመጣበትን ጫና መያዝ ያቅተውና ይንሸራተታል። መሀል ኩርባ ላይ ፊቷ ይሸሽ የነበረው በዚህ ነው። ከኋላ ቢሆን ኖሮ ጭራዋ ነበር የሚወጣው፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያስፈራል።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የገረመኝ ነገር። መኪና ዝቅ ሲል ኩርባ ላይ የሚያጋድለው ይቀንሳል ብለን ነው ሁላችንም የምናስበው አይደል? ክብደቱ ወደ መሬት ቀረበ፣ አለቀ። ግን በማክፈርሰን የፊት እግር፣ ያው ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ያለው፣ የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ጎማው በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ወይም ጠፍጣፋ ነው። በጣም ዝቅ ስታደርገው የጎማው ጫፍ ወደ ላይ ይወጣል። አርሙ እንደዛ ሲሆን ሮል ሴንተር የሚሉት፣ መኪናው የሚያጋድልበት ነጥብ ማለት ነው፣ ከመኪናው የክብደት ማዕከል በበለጠ ፍጥነት ወደ ታች ይሄዳል፣ መሬት ውስጥም ሊገባ ይችላል። በክብደቱና በዛ ነጥብ መሀል ያለው ርቀት ደግሞ መኪናውን የሚያጋድለው ጉልበት ክንድ ነው፣ ረዘመ ማለት መኪናው እንዲያውም የበለጠ ማጋደል ይፈልጋል። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ነው የሰማሁት፣ ከዛ መሬት ላይ በኖራ ስሎ መስመሮቹን ሲያገናኛቸው ገባኝ። የአርሙን የጎማ በኩል ጫፍ መልሶ የሚያወርድ ረዘም ያለ ቦል ጆይንት (መጋጠሚያ) አለ አለኝ፣ ለውድድር መኪና ይገጠማል።

መሪው ራሱን ችሎ የሚንቀሳቀሰውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የታይሮዱ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) እና የአርሙ ዘንበል ማለት ከፋብሪካ ሲወጡ ተናበው ነው የተሰሩት፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ አብረው እንዲሄዱ። ቁመቱ ሲቀየር መናበቡ ይጠፋና ጎማው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ራሱን ያዞራል። አላይመንት ማሽን ላይ ቆሞ ሲለካ ልክ ነው ይባላል፣ ሲነዳ ግን ቶው በየጉብታው ይቀያየራል። ለዚህ ነው ያኛው ጋራዥ አላይመንት ሰርቶልኝ ምንም ያልተለወጠው።

ታዲያ ምን ሰራ? እኔ እንኳን ኮይሎቨር ይሻላል ብዬ ላስገዛው ነበር፣ እሱ እምቢ አለ። ቁመቱን እየቀያየርክ የማትጫወትበት ከሆነ ምን ያደርግልሃል አለኝ፣ ደግሞ ኮይሎቨር ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ቁመቱ የሚስተካከለው የሞላውን መቀመጫ በማውረድ ብቻ ስለሆነ ዝቅ ባደረግከው ቁጥር መተንፈሻውን ነው የምትበላው፣ የታችኛው እግሩ ለብቻው የሚዞረው ነው ያንን የማይነካው። ለመካኒክ ውዱን ዕቃ አትግዛ ማለት ኪሱን መቁረጥ ነው፣ እሱ ግን አለኝ። የመረጠልኝ ለመኪናዋ ተብሎ የተሰራ አጭር ሞላ፣ ከፋብሪካው ቁመት 3 ሴንቲ ብቻ የሚያወርድ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ አጠር ያለ አሞርዛተር፣ አዲስ ባምፕ ስቶፕ። አሞርዛተሩን ለምን እንቀይራለን ስለው አሮጌው የተሰራው ለለስላሳ ሞላ ነው፣ ጠንካራ ሞላ ሲመለስ የሚገታው ያጣና መኪናው ከጉብታ በኋላ ላይ ታች ሲል ይቆያል አለኝ።

3 ሴንቲ ሲባል ሁለት ጣት አካባቢ ነው፣ ትንሽ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። እሱ በስልኩ ካልኩሌተር አሳየኝ። ኩርባ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚሻገረው ክብደት፣ የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ባለው ከፍታ ልክ ነው። ማዕከሉ 55 ሴንቲ ላይ ቢሆንና ወደ 52 ብታወርደው ከ5 ፐርሰንት ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። ጥቅሙ ይሄ ነው፣ አለ ግን ተአምር አይደለም። ከዛ በላይ ለመልክ የምታወርደው እያንዳንዱ ሴንቲ ይቺን ጥቅም ከሌላ ቦታ መልሶ ይወስዳታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ የስራ ሰው መሆኑን ያወቅኩበት። ሁሉን ገጥሞ ሲጨርስ የአርሙን ቡሎኖች አላጠበቃቸውም። ረዳቱ ሊያጠብቅ ቁልፉን ሲያነሳ ጮኸበት። መኪናውን አውርዶ፣ በጎማው አስቁሞ፣ ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ከዛ ከስር ገብቶ አጠበቃቸው። ለምን? ቡሎኑ የሚገባበት ቦኮላ ውስጡ ላስቲክ ነው፣ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ካጠበቅከው መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቆሞም እየተሰቃየ ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል። ስንት ጋራዥ ነው ይሄን የሚያደርገው? አሁን መኪና ሳሰራ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው። አላይመንቱንም ያን ቀን አልሰራም፣ አዲስ ሞላ ትንሽ ተነድቶ ቦታውን እስኪይዝ ጠብቆ መልሶ አስመጣኝና ሰራው፣ የፊት መብራቱንም ያኔ አስተካከለ።

መልኳስ? እንደ ድሮው ጎማውን የሸፈነች አይደለችም፣ ያንን ትንሽ ናፍቃለሁ፣ አልክድም። ግን ከፋብሪካ እንደወጣች መኪናም አይደለችም፣ ፓራፋንጎው ስር ያለው ባዶ ቦታ ተሞልቷል፣ የሚያውቅ ሰው ያያል። ስትነዳ ግን ሌላ መኪና ናት። ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደያዘች ከመሪው ላይ ይሰማኛል፣ ሊለቅ ሲል ቀድሞ ይነግራል፣ ሸካራ መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ ቀጥ ትላለች። ጠንከር ትላለች፣ ያንን ማወቅ አለባችሁ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ያጉረመርማል።

ለመልክ ብቻ የሚፈልጉትንም አይንቅም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። አብሮኝ ወረፋ የያዘ አንድ ልጅ መሬት እንድትነካለት ነው የሚፈልገው፣ ለማሳያ ናት መኪናዋ፣ ለሱ ኤር ሰስፔንሽን፣ በሞላ ፈንታ በአየር የሚሰራውን፣ አድርግ አለው፣ ስትቆም አውርዳት ስትነዳ አንሳት፣ በሞላ ግን እዛ ቁመት ላይ አልሰራልህም። ከኋላ ፍሬን ላይ ጫናን የሚቆጣጠር ቫልቭ ያላቸው መኪኖችም አሉ፣ ከአክሱሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ መኪናው ዝቅ ሲል ጭነት ያለ ይመስለውና ለኋላ ጎማ ፍሬን ያበዛል። እሱን ሳያስተካክል ቁልፍ አይመልስም።

እንከኑንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሳም፣ ቴክስት ነው የሚሻለው። ቀስ ይላል፣ ዛሬ ይደርሳል ካላችሁ ነገ አስቡት። አንድ መኪና ላይ ሲሰራ ሌላ አይነካም። ሞላ ቁረጥልኝ ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ከበር ነው የሚመልሳችሁ፣ እኔ እያለሁ መልሷል። ስትሄዱ ከሻንጣው ዕቃችሁን አውጡ፣ የጎማ ንፋስ አስተካክሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰውና ምን ያህል ጭነት እንደምትይዙ ንገሩት፣ ቁመቱን የሚመርጠው እሱን ሰምቶ ነው። አሮጌውን ሞላና አሞርዛተር ደግሞ ሳትጠይቁት በካርቶን አድርጎ ይመልስላችኋል። አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ረዳትህንም ሰላም በልልኝ።